ርስት ሳይቈራረስ እንዴት ይኖራል? ስለ ሮማኔ ኮንቲ የወይን ቦታ

በፈረንሳይ አገር፥ በቡርጎኝ፥ ቮን ሮማኔ በምትባል መንደር፥ ሮማኔ ኮንቲ የሚባል የወይን ቦታ አለ። ስፋቱ 1.8 ሄክታር ያህል ብቻ ሲሆን፥ የወይን ጠጁ በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። እኛ ግን ልንመረምር የፈለግነው የጠጁን ጣዕም ሳይሆን፥ ቦታው ሳይከፋፈል የቈየበትን ምክንያት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቦታውን በ1760 ዓ.ም. የኮንቲ ልዑል ሉዊ ፍራንሷ ገዛው፤ ስሙንም ከእርሱ አገኘ። በአብዮቱ ጊዜ ተወርሶ በ1794 በሐራጅ ተሸጠ። በ1869 ዣክ ማሪ ዱቮ ብሎሼ ገዛውና ለዘሩ ተላለፈ።

ከአብዮቱ ወዲህ የፈረንሳይ ሕግ የወላጅን ንብረት ለልጆች በእኩል ስለሚያካፍል፥ ብዙው የቡርጎኝ ርስት ተበጣጥሷል። ቀድሞ የሲቶ ገዳም መነኮሳት ይዞታ የነበረው ክሎ ደ ቩዦ፥ 50 ሄክታር ያህሉ በሽያጭና በውርስ እየተከፈለ ዛሬ 80 ያህል ባለቤቶች አሉት።

በሮማኔ ኮንቲ ግን፥ በ1942 አንሪ ለሯ ግማሹን ድርሻ ሲገዛ ማኅበር ተቋቋመ። ስለዚህ ወራሾች የሚካፈሉት አክሲዮኑን እንጂ መሬቱን አይደለም። በ1992 በባለ ድርሻዎቹ መካከል ጠብ ተነሥቶ ከሁለቱ አስተዳዳሪዎች አንዷ ሲሻሩ እንኳ፥ መሬቱ አልተቈረሰም።

እንግዲህ ርስቱን ያጸናው የደም ዝምድና ብቻ ሳይሆን፥ ባለ ድርሻዎቹ በሰላማቸው ጊዜ የተዋዋሉት ውል ነው እንላለን።