ለጉልበት ሕመም የሚገዛው ክኒን ዋጋውን ያወጣል?

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ከልብሱና ከጫማው መካከል አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቅ ማለቱ የተለመደ ሆኗል። «የእማማ የጉልበት መድኃኒት ነው» ይባላል። ጠርሙሱ ሲያልቅ ስልክ ይደወላል፣ ሌላ ይላካል። ላኪው በትርፍ ሰዓት ሥራ ያገኘውን ዶላር ያወጣል፤ እዚህ ያለው ደግሞ ፋርማሲ ገብቶ በብር ይገዛል። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ወጪ የእማማን ጉልበት ያሽላል?

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ግሉኮሳሚን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ብቻውን ወይም ኮንድሮይቲን ከሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተደባልቆ ይሸጣል። ሁለቱም በሰው መገጣጠሚያ ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛሉ። የአጥንት ጫፎች እርስ በርስ እንዳይፋተጉ የሚሸፍናቸው ለስላሳ ቅርጭጭት የሚሠራው ከእነዚህና ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ክብደት ሲጨምር ወይም ጉልበት ከዚህ በፊት ተጎድቶ ከሆነ ይህ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል። ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል፤ በእኛ ዘንድ «ቁርጥማት» ተብሎ የሚታለፈው የጉልበት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

የነጋዴው አባባል ቀላል ነው፦ «ያለቀውን በክኒን እንተካለን።» ነገር ግን የተዋጠ ክኒን በቀጥታ ወደ ጉልበት አይሄድም። በአንጀትና በጉበት ያልፋል፤ መገጣጠሚያው ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሚለየው በአባባል ሳይሆን በሙከራ ነው።

ሙከራው ምን አሳየ?

እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ ይፋ የሆነው ትልቁ ጥናት በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተካሄደ ሲሆን 1,583 የጉልበት ሕመምተኞችን ያሳተፈ ነበር። ሕመምተኞቹ በአምስት ተከፍለው ለ24 ሳምንታት የየድርሻቸውን ዋጡ። አንዱ ቡድን ግሉኮሳሚን፣ ሁለተኛው ኮንድሮይቲን፣ ሦስተኛው ሁለቱን በአንድነት፣ አራተኛው ሴሌኮክሲብ የተባለውን የታወቀ የሕመም ማስታገሻ ወሰደ። አምስተኛው የወሰደው ምንም መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ክኒን ነው። ማን ምን እንደሚውጥ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቁም ነበር።

ሕመማቸው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ የቀነሰላቸው ሲቆጠሩ፣ ግሉኮሳሚን ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 64 ያህሉ፣ ኮንድሮይቲን ከወሰዱት 65፣ ሁለቱን ከወሰዱት 67፣ ሴሌኮክሲብ ከወሰዱት 70 ሆኑ። አስመሳዩን ክኒን ከዋጡትስ? 60 ያህሉ ተሽሏቸው ተገኘ። በግሉኮሳሚንና በባዶው ክኒን መካከል ያለው የአራት ሰው ልዩነት በአጋጣሚም ሊፈጠር የሚችል ነው ተባለ።

«እኔ ወስጄው ተሽሎኛል» የሚሉ ሰዎች አይዋሹም። የጉልበት ሕመም አንድ ሰሞን ይብሳል፣ አንድ ሰሞን ይለዝባል። ሰው ክኒን የሚገዛው ደግሞ ሕመሙ በባሰበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሲለዝብ ምስጋናው ለክኒኑ ይሰጣል። መድኃኒት አገኘሁ የሚለው ተስፋም የራሱ ድርሻ አለው።

በዚያው ጥናት ሕመማቸው ከበድ ያለ 354 ሰዎች ለብቻ ሲታዩ ሁለቱን ቀላቅለው የወሰዱት ከ100 ሰዎች 79 ሲሻላቸው፣ አስመሳዩን ከወሰዱት የተሻላቸው 54 ነበሩ። ሻጮች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ይህን ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የስፔን ጥናት ይህንኑ ድብልቅ ሕመማቸው ከበድ ላለ 164 ሰዎች ሰጥቶ ሲሞክር፣ የተሻለ ውጤት ያገኙት አስመሳዩን ክኒን የወሰዱት ሆኑ።

ባለሙያዎች ግን በአንድ ድምፅ አልተስማሙም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ግሉኮሳሚን ለጉልበት እንዳይሰጥ አጥብቆ መክሯል። በአውሮፓ ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን፣ በጥራት የተመረተውን የግሉኮሳሚን ሰልፌት ዓይነት የሚደግፉ ባለሙያዎች አሉ። መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የሦስት ዓመት ጥናትና ይህን የመሳሰሉት ናቸው። አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው ግን በአምራች ኩባንያ ገንዘብ የተካሄዱ ጥናቶች ከገለልተኞቹ ይልቅ ለክኒኑ ያደሉ ውጤቶችን ሲያሳዩ መቆየታቸውን ነው።

ጠርሙሱን አዙረው ያንብቡ

ይህን ሁሉ አውቀው መሞከር ከፈለጉ የፊቱን ጽሑፍ ብቻ አይመኑ። ፊት ለፊት በትልቁ «1500 ሚሊግራም» ተብሎ ይጻፋል፤ ከጀርባው በትንሹ «መጠኑ ሦስት ክኒን» ይላል። ቁጥሩ የአንድ ክኒን ሳይሆን የሦስቱ ድምር ነው ማለት ነው። 120 ክኒን የያዘ ጠርሙስ በቀን ሦስት ከተዋጠ በ40 ቀን ያልቃል፤ በቀን ሁለት የሚዋጠው 60 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ዋጋ የሚነጻጸረው በጠርሙስ ሳይሆን በቀን ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ምርቶች እንደ መድኃኒት ከሽያጭ በፊት ፈዋሽነታቸው አይረጋገጥም። በሻንጣ የሚገባውንም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አይቶ አልመዘገበውም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን በእርግጥ ውስጡ ስለመኖሩ ገዢው ያለው ዋስትና ብዙውን ጊዜ የአምራቹ ስም ነው።

ከምን እንደተሠራም ይጠይቁ። ግሉኮሳሚን በብዛት የሚወጣው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው፤ ኮንድሮይቲን ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከሻርክ ቅርጭጭት ሊሆን ይችላል። ለሚጾም፣ የሚበላውንና የማይበላውን ለሚለይ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቆሎን በማብላላት የሚዘጋጅ ግሉኮሳሚንም ስላለ በጽሑፉ ላይ መፈለግ ይቻላል። የባሕር ምግብ አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር መጀመር የለበትም።

ከሁሉ በላይ አደጋው ያለው ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለሚወስዱት ነው። የልብ ቫልቭ የተቀየረላቸው ሕመምተኞች ይህን መድኃኒት ይወስዳሉ። ግሉኮሳሚን ሲጨመርበት ደም ከሚገባው በላይ እንደሚቀጥን የሚያሳዩ ሪፖርቶች ቀርበዋል፤ ውጤቱ የማይቆም መድማት ሊሆን ይችላል። ለሌላው አብዛኛው ሰው ክኒኑ እምብዛም ጉዳት የለውም፤ የሚጎዳው ኪስን ነው።

ገንዘቡ የት ቢውል ይሻላል?

በጥናት የተደገፈው እርዳታ አብዛኛው ርካሽ ነው። የመጀመሪያው የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ጥቂት ሰከንድ ይዞ ማውረድ፣ ይህንኑ በየቀኑ መደጋገም ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛው ክብደት መቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። ሦስተኛው ከታመመው እግር በተቃራኒ እጅ የሚያዝ ምርኩዝ ነው። የሚቀባ ዲክሎፌናክም ለጉልበት ይረዳል፤ በክኒን የሚዋጠው ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ለወራት አይወሰድም።

ጉልበቱ ድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ከወደቁ በኋላ መቆም ካቃተ ግን ክኒንም ቅባትም ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

እንሞክረው ካሉም በልክ ይሁን። ሲጀምሩ ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ሰጥተው ይጻፉት፤ በየሳምንቱ ይጨምሩበት። በሦስት ወር ለውጥ ከሌለ ሁለተኛ ዙር አይግዙ። ውጭ ያላችሁ ልጆችም ጠርሙሱን ከመላካችሁ በፊት «እማማ፣ ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብላችሁ በስልክ ጠይቁ። የጠርሙሱ ዋጋ ለአንድ ጊዜ ምርመራ ቢውል፣ ጉልበታቸውን ያሳመመው ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚገዛው ሁሉ ለታወቀ ሕመም ይሆናል።