ከመቶኛዋ ቀጥላ የምትመጣው ውድ ኪሎዋት

በመራዊ ቤት ለሚያከራይም ለሚከራይም፣ መሐል ቆሞ ለሚያስማማው ደላላም አንድ ስሌት እነሆ። በ2014 ዓ.ም. በደረሰው የኤሌክትሪክ ታሪፍ በወር 100 ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመ ቤተሰብ 76 ብር ከ70 ሳንቲም ይከፍል ነበር። 101 የተጠቀመ ጎረቤቱ ግን 164 ብር ከ13 ሳንቲም ይጠየቃል። የአገልግሎት ክፍያው ሳይቆጠር፣ ያቺ አንዲት ተጨማሪ ኪሎዋት ሰዓት 87 ብር ከ43 ሳንቲም ወጣች ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ውድ ሸቀጥ በገበያው ተፈልጎም አይገኝ!

ምክንያቱ ወዲህ ነው። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በ2011 ሲከለስ የተለወጠው ዋጋው ብቻ ሳይሆን የአቆጣጠሩ ስልትም ነበር። ቀድሞ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓቶች በርካሽ፣ ተከታዮቹ ከፍ ባለ ዋጋ ተሰልተው ይደመሩ ነበር። በአዲሱ ስልት ግን ቤተሰቡ የደረሰበት እርከን ዋጋ ከመጀመሪያዋ ኪሎዋት ጀምሮ በጠቅላላ ፍጆታው ላይ ይታሰባል። በ2014 ዋጋው እስከ 50 ለሚጠቀም 0.273 ብር፣ እስከ 100 ለሚጠቀም 0.767፣ እስከ 200 ለሚጠቀም 1.625፣ እስከ 300 ለሚጠቀም 2 ብር ደርሶ ነበር። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ታሪፉ ለአራት ዓመታት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ አንባቢ በእጁ ያለውን የሩብ ዓመት ዋጋ እያስገባ ያሰላ፤ እኛ በ2014ቱ እንቀጥላለን።

ታዲያ ቁጠባ ማለት በጨለማ መቀመጥ አይደለም። የት ላይ ቆሞ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ነው።

በቤት ውስጥ ትልቁ በላተኛ ምጣዱ ነው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ገና ሊጥ ሳይፈስበት ሩብ ሰዓት ሲግል ብቻ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በሳምንት ሁለቴ የምትጋግር እመቤት አንድ ጊዜ ብትጋግር በወር አራት ያህል ታተርፋለች። ምክሩ ግን ለመራዊ ልክ አይመጣም፤ ጤፉ ከበቆሎና ከዳጉሳ ጋር ሲቀላቀል እንጀራው ቶሎ ይደርቃል፣ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ደግሞ ሻጋታ አለ። የሚያዋጣው ሁለት ጎረቤት በአንድ ቀን፣ በአንድ በጋለ ምጣድ ተከታትሎ መጋገሩ ነው። የማን ቆጣሪ ላይ? የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ይነገር እንጂ! አንድ ሳምንት በአንደኛዋ፣ በሚቀጥለው በሌላዋ ቤት ከሆነ ጠብ የለም። ሊጡ ሳይዘጋጅ ምጣዱን አለመሰካት፣ አክንባሎውን በደንብ መግጠም፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ግለት ማውጣት ወጪ የሌለው ቁጠባ ነው።

አምፖል ቀላል ሒሳብ ነው። ባለ 60 ዋት የቀድሞው አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ 1.35 ብቻ። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት ቆጣቢ አምፖሎችን በሚሊዮን እየቆጠረ በነፃ ያደለው በዚሁ ስሌት ነበር። የዲሹ ሪሲቨርም አለ። 10 ዋት የሚስብ ሪሲቨር ሌትና ቀን ተሰክቶ ከዋለ በወር 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ማንም ሳያየው!

እንደምረው። በወር 115 የሚጠቀም ቤት 186 ብር ከ88 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ሁለት አምፖል ቢለውጥ፣ ሪሲቨሩን በቀን 16 ሰዓት ቢነቅል፣ አራት ጊዜ ምጣድ ማጋሉን ቢተው ወደ 91 ይወርዳል፤ ክፍያው 69 ብር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። ፍጆታው በአንድ አምስተኛ ቀንሶ ሒሳቡ ከ60 በመቶ በላይ ወረደ። 150 የነበረው ቤት ግን ይህንኑ ቢያደርግ ከእርከኑ ስለማይወጣ የሚያተርፈው 39 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሦስት ወር ቢል አውጥቶ ከእርከኑ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቁ ማየት ይገባል። ንባብ ተዘልሎ የሁለት ወር ፍጆታ በአንድ ቢል ከመጣም ሳይከፍሉ በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ነጋዴው «ይህ የሳንቲም ወሬ ነው» ይል ይሆናል። እንግዲህ ወደ ግቢው እንግባ። አራት ተከራዮች እያንዳንዳቸው 60 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማሉ እንበል። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ለአራቱም በድምሩ 184 ብር ከ8 ሳንቲም ይመጣል። በአከራዩ አንድ ቆጣሪ ሲሆን ግን ፍጆታው 240 ስለሚሆን 480 ብር ይታሰባል። አንድ አምፖልና አንድ ምድጃ ያላት ሠራተኛ ሳታውቀው የባለ ፎቁን ታሪፍ ትከፍላለች ማለት ነው። እሷ ብትቆጥብ እንኳ ጎረቤቷ ካልቆጠበ እርከኑ አይወርድም፤ ስለዚህ ለምን ትቆጥብ? የጋራ ቆጣሪ ቁጠባን የሚገድለው በዚህ ነው። አከራዩ «መብራት በእኔ» ብሎ ኪራዩ ውስጥ ካስገባው ደግሞ በየሩብ ዓመቱ የሚጨምረው ታሪፍ ትርፉን ይበላበታል።

በዚህ መሐል ከሰል አለ። ከፋግታ ለኮማ የሚመጣው የዲከረንስ ከሰል በአካባቢው ገበያ እጅግ የታወቀ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ እሱ ይሮጣልና የኤሌክትሪክ ርካሽነት የሚለካው መብራቱ ሲኖር ብቻ ነው። ቡናውን በከሰል፣ እንጀራውን በኤሌክትሪክ ያደረገ ቤት ሁለቱንም ሒሳብ አንድ ላይ ይጻፍ።

ለቤት ሠሪው ባለሀብት የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ተርታ ክፍሎች ሲሠሩ የኤሌክትሪክ መስመሩን በየክፍሉ ለይቶ መዘርጋት ግድግዳው ሳይለሰን ቀላል፣ ከተለሰነ በኋላ ደግሞ ማፍረስ ነው። ደላላውም ቤቱን ሲያስተዋውቅ ከውኃውና ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ «ቆጣሪው ለብቻው ነው ወይስ የጋራ?» የሚለውን መልስ ይዞ ይቅረብ፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ለአንድ ተከራይ ልዩነቱ በወር 74 ብር ነው፣ ያውም በ2014ቱ ዋጋ።