አንድ ንጉሥ በሦስት ስም፤ ለካታሎግ ባልደረቦች

በላሊበላ የቤተ መድኃኔ ዓለም የብራና ወንጌል በአጥኚዎች ዘንድ «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 6907» በሚል ቁጥር ይታወቃል። ቁጥሩ የመጣው በ1973 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ነው። የታተሙት 10 የካታሎግ ቅጾች ግን ቁጥር 5000 ላይ ያበቃሉ፤ አብዛኞቹን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ፊልም ማንሳት ይፈጥናል፣ መግለጽ ግን ዕድሜ ይበላል።

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም ችግሩ ይኸው ነው፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ ይብሳል። ንጉሥ ላሊበላን አንዱ ባለሙያ «ላሊበላ»፣ ሌላው በስመ መንግሥቱ «ገብረ መስቀል»፣ ሦስተኛው «ገብረ መሥቀል» ብሎ ከመዘገበ ኮምፒውተሩ ሦስት ንጉሥ ይቆጥራል። የላሊበላን ከተማም አንዱ በቀድሞ ስሟ «ሮሃ» ይላታል። ስለዚህ አስተባባሪው አንዱን አጻጻፍ ይምረጥ፣ የቀሩት «ተመልከት» ተብለው ወደዚያ ይምሩ። የትኛው ይመረጥ ብሎ ወር ሙሉ መከራከር፣ በእኔ አስተያየት፣ ትርፍ የለውም።

የደራሲ ስም ላይ ግን አልደራደርም። ከውጭ የሚገለበጡ መዝገቦች አንዳንዴ «ኃይሌ፣ ጌታቸው» ብለው ይመጣሉ። የእኛ ደራሲ የሚገባው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ አይደለም።

ዓመቱንም መጽሐፉ ላይ እንደታተመ ጻፉትና «ዓ.ም.» ጨምሩበት። ወሩ ካልታወቀ ልዩነቱ 7 ወይም 8 ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም የፈረንጅ ዓመታት አስገቡ።

ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ጋር ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ መዝገባችሁን ከመላካችሁ በፊት የስም ዝርዝራችሁን ተለዋወጡ።