አሮጌዋ ጀልባ ዳግም ሐይቅ ስትገባ

ከሞተር ማስተካከል እስከ ገላ መወልወል፦ ያረጀች ሞተር ጀልባ ለማደስ ያሰበ ቤተሰብ ከየት ይጀምር?

ቅዳሜና እሁድን ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱ ወይም ባሕር ዳር ያሳለፈ ሰው በሐይቁ ዳር በሸራ ተሸፍና የቆመች አሮጌ ሞተር ጀልባ አይቶ ይሆናል። ቀለሟ ደብዝዟል፤ እጅ ሲነካት እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ትለቃለች፤ ሞተሯ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ባለቤቱ «ትሸጣለች» ካለ ደግሞ ዋጋዋ ከአዲሷ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። ከቤተሰቡ አንዱ በዓይነ ሕሊናው ልጆቹን አሳፍሮ ሲንሸራሸር ይታየዋል። ሌላው «ይቺ ነገር ብትሰምጥስ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ፋይበር ግላስ እንደ እንጨት አይበሰብስም፤ እንደ ላሜራ አይዝግም። ከስድሳ ዓመት በፊት የተሠሩ ጀልባዎች ዛሬም ውሃ ላይ አሉ። ቦስተን ዌለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1958 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ያዋላት 13 ጫማ ጀልባ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በውስጠኛውና በውጪኛው ገላዋ መካከል ፎም ስለተሞላ በመጋዝ ለሁለት ተቆርጣ እንኳ ስትንሳፈፍ በ1961 ላይፍ መጽሔት ላይ በፎቶ ታይታለች። የዚያ ዘመን ጀልባዎች ዛሬ በእድሳት ወዳጆች ዘንድ ተፈላጊ ናቸው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አብዛኞቹ አሮጌ የፋይበር ግላስ ጀልባዎች በውስጣቸው እንጨት አለ። እንጨቱ የሚገኘው ደግሞ ትልቁን ሸክም በሚችሉት ቦታዎች ነው፦ ሞተሩ በሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳ ውስጥና ከወለሉ ሥር ከፊት ወደ ኋላ በተዘረጉት አግዳሚዎች ውስጥ። ስለዚህ ሥራው በወልዋይና በሰም አይጀመርም። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ አጥንቷ፣ ቀጥሎ ልቧ፣ በመጨረሻ ቆዳዋ ነው።

ከመግዛት በፊት ማንኳኳት

የመጀመሪያው መሣሪያ የካቻቢቴ እጀታ ነው። የኋላ ግድግዳውን ቀስ እያላችሁ ከዳር እስከ ዳር አንኳኩ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው እንደ እርጥብ ካርቶን የታፈነ ነው። ቀጥሎ የተንጠለጠለውን ሞተር ከታች በኩል ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት። ግድግዳው አብሮ ከታጠፈ ወይም ማዕዘኖቹ ላይ ስንጥቅ ከከፈተ እንጨቱ አልቋል ማለት ነው። ጥርጣሬ ካለ፣ በሻጩ ፈቃድ፣ ከውስጥ በኩል በቀጭን ትራፓኖ አንድ ሁለት ቦታ መብሳት ይቻላል። የሚወጣው ፍቅፋቂ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። ቀዳዳውን ወዲያው በኢፖክሲ መድፈን አይረሳ።

ከወለሉ ሥር ያለው ፎምም በዓመታት ብዛት ውሃ ሊጠጣ ይችላል። እንዲህ ያለች ጀልባ ስትታይ ምንም አይመስላትም፤ ነገር ግን በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር ውሃ ተሸክማ ሊሆን ይችላል። ተጎታች ካላት የመኪና ሚዛን ላይ አውጥቶ ከፋብሪካው ክብደት ጋር ማነጻጸር ጥርጣሬውን ይገላግላል።

ውሳኔው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የደበዘዘ ቀለም በጥቂት ቅዳሜዎች ይመለሳል፤ የቆመ ሞተር በመለዋወጫ ይድናል። የበሰበሰ የኋላ ግድግዳ ግን ፋይበር ግላሱን ከፍቶ፣ እንጨቱን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ፣ በአዲስ ውሃ የማይፈታው ኮምፔንሳቶና ሬዚን እንደገና መገንባትን ይጠይቃል። ግድግዳዋ የበሰበሰ ጀልባ በነጻ ብትሰጥ እንኳ ውድ ናት።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት

ለዓመታት የቆመን ሞተር ወዲያው ለማስነሳት መጣደፍ አዲስ ጉዳት ያመጣል። ካንዴላዎቹን አውጡ፤ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምሩና አንድ ቀን አቆዩት። ከዚያ በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። በነጻነት ከዞረ ኮምፕሬሽኑን ማስለካት ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ባለጀልባ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የኮምፕሬሽን ልኬት በመመሪያው ከተጻፈው ዝቅ ብሎ ይነበባል። ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ ብቻ አያስደንግጣችሁ። ዋናው ነገር የሲሊንደሮቹ ልኬት ተቀራራቢ መሆኑ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ካነሰ ፋሻው ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይመርመር።

ቀጥሎ የታችኛው የማርሽ ቤት ዘይት ይቀዳ። ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ማኅተሞቹ መቀየር አለባቸው። የውሃ ፓምፑ የጎማ ክንፎችም ምንም ያህል ደህና ቢመስሉ አዲስ ይተኩባቸው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሐይቁ ውሃ በእነሱ በኩል ስለሚያልፍ፣ ያልተቀየረ ጎማ ሙሉ ሞተር ሊያስከፍል ይችላል። በዚሁ ምክንያት ሞተሩ ያለ ውሃ ለአፍታም አይነሳ። ጊቢ ውስጥ ለመሞከር የታችኛውን ክፍል ከውሃ መሳቢያው በላይ የሚሸፍን በርሜል ውሃ ይበቃል። ሲነሳ ከጎኑ ቀጭን የውሃ ፈሳሽ መውጣት አለበት። ካልወጣ ወዲያው አጥፉት።

ታንከሩ ውስጥ የከረመ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ይወገድ። ያረጀ ቤንዚን ሙጫ መስሎ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ስለዚህ ካርቡሬተሩ ተፈቶ ይጸዳል፤ የደረቁ የነዳጅ ጎማዎችና ፊልትሮው ይቀየራሉ። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልባቸው ሞተሮች ብዙዎቹ 50 ለ 1 ይጠቀማሉ፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ዘይቱ ለጀልባ ሞተር የተሠራ ይሁን፤ የሞተር ሳይክል ዘይት አይተካውም።

ጀልባዋ ከባሕር የመጣች ከሆነ ከሞተሩ ጋር የተያያዙትን ትናንሽ የብረት ቁራጮች ተመልከቱ። ሥራቸው ሞተሩን ከመበላት ለማዳን እነሱ ቀድመው መበላት ነው። ለጨው ውሃ የሚገጠመው ዚንክ በጣፋጭ ውሃ ላይ ይሸፈንና ሥራ ያቆማል። ለሐይቆቻችን የሚስማማው ማግኒዥየም ነው።

ከፍታ የሚወስደው ጉልበት

ባሕር ጠለል ላይ የተለካ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር የሚሰጠው ወደ 33 ነው። ባለሞያው ምንም ቢያስተካክል ይህ አይመለስም፤ የጠፋው አየር ነውና። ሞተሩ የቀረውን ጉልበት በሙሉ እንዲሰጥ ማድረግ ግን ይቻላል።

አንደኛው መንገድ ካርቡሬተር ነው። ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ ካርቡሬተር በከፍታ ላይ ለጥቂት አየር ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ጥቁር ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ሞተሩ ያጨሳል፣ ነዳጅ ይበላል። አምራቹ ለከፍታው በሚመክረው አነስ ያለ ጂግለር ሲተካ ካንዴላው ወደ ቀላ ያለ ቡናማ ይመለሳል። ካንዴላው ከነጣ ግን ነዳጁ አንሷል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ፕሮፔለር ነው። እያንዳንዱ ሞተር በሙሉ ነዳጅ ሊደርስበት የሚገባ የዙር መጠን አለው፤ ለብዙዎቹ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ነው። በከፍታ ላይ የደከመ ሞተር የባሕሩን ፕሮፔለር እስከዚያ ማዞር ያቅተዋል፤ ልክ በሦስተኛ ማርሽ እንጦጦን ሊወጣ እንደሚታገል መኪና። በአንድ ዙር የሚገፋበት ርቀት በአንድ ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ሲገጠም ዙሩ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። ብዙ ጊዜ ጀልባዋን «የሚቀሰቅሳት» ይህ ቀላል ለውጥ ነው።

በመኪና ዕቃ አትሸንገሉ

ሞተሩ ከውስጥ የተቀመጠ ጀልባ ካላችሁ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። መኪና ላይ ከሥር ይወጣና በነፋስ ይበተናል፤ ጀልባ ላይ ግን መውጫ ስለሌለው ወለሉ ሥር ይጠራቀማል። ለጀልባ የተሠሩ ሞተሪኖና ዲናሞ ብልጭታቸው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሆነው የተሸፈኑ ናቸው፤ የመኪናዎቹ አይደሉም። ሁለቱ መልካቸው ስለሚመሳሰልና የመኪናው ስለሚረክስ «ይገጥማል» የሚል መካኒክ አይጠፋም። በእርግጥም ይገጥማል። ነገር ግን አንዲት ብልጭታ ጀልባዋን ከነተሳፋሪዎቿ ልታቃጥል ትችላለች። የነዳጅ ጎማና ካርቡሬተርም እንዲሁ ለጀልባ የተሠሩ ይሁኑ። ከማስነሳት በፊት የሞተር ክፍሉን ማራገቢያ ለ4 ደቂቃ ማሠራትና ማሽተት ልማድ ይሁን።

ቆዳዋን መመለስ

አሁን ወደ ውበቷ። የፋይበር ግላስ ጀልባ የምታብረቀርቀው ጄልኮት በሚባል ውጫዊ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አምስት ገጽ ወረቀት ቢደራረብ የሚያክል ነው። ፀሐይ ሲያቃጥለው ላዩ ይዱቄታል። የከፍታ ፀሐይ ደግሞ ይበረታል። ደስ የሚለው ዱቄቱ ላይ ላዩን ብቻ መሆኑ ነው፤ ከሥሩ የመጀመሪያው ቀለም አለ።

በመጀመሪያ ጀልባዋን በሳሙና እጠቡ፤ የቀረውን አሮጌ ሰም በአሴቶን በረጠበ ጨርቅ አንሱ። ከዚያ የማይታይ ቦታ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ስፍራ መርጣችሁ ኮምፓውንድ ብቻ ሞክሩ። ካበራ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አያስፈልጋችሁም፤ የተረፈው ጄልኮት ለወደፊት ይቆያችኋል። ካላበራ እርጥብ ፍግፈጋ ይጀመራል። በ800 ቁጥር ተጀምሮ በ1,000፣ በ1,500 እና በ2,000 ይቀጥላል፤ ወረቀቱም ገላውም ሁልጊዜ ውሃ ይኑራቸው። ቁጥር መዝለል አያዋጣም። የ800ው ጭረት በኋላ በፀሐይ ብርሃን ይታያል።

ቀጥሎ በሱፍ መወልወያ ኮምፓውንድ፣ በስፖንጅ መወልወያ ደግሞ ፖሊሽ ይቀባል። ማሽኑ በዝግታ ይዙር፤ አንድ ቦታም አይቁም። ሲግል ጄልኮቱ ይቃጠላል፤ ጠርዞች ላይ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ሥራው በጥላ ሥር፣ በጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እየተከፈለ ይሠራ። በመጨረሻ ሰም ሁለት ጊዜ ይቀባል። ውበቱን የሚያቆየው ሰሙ ስለሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደስ።

ከውሃ በታች ያለው ገላ ላይ እንደ ፈንጣጣ ያበጡ ነጠብጣቦች ካያችሁ ውሃ ጄልኮቱን አልፏል ማለት ነው። ተከፍተው፣ ለሳምንታት ደርቀው፣ በኢፖክሲ ይሞላሉ። እርጥበቱ ሳይወጣ መሙላት ግን በሽታውን ቆልፎ ማስቀመጥ ነው።

ልጆቹስ?

እድሳት የቤተሰብ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ግን ድንበር አለው። ሬዚን፣ አሴቶንና የፋይበር ግላስ አቧራ ለልጆች አይደሉም። ለአዋቂም ቢሆን የአፍ መከለያ፣ መነጽርና ጓንት ግድ ነው፤ የሬዚን ማጠንከሪያው ፈሳሽ ዓይን ካገኘ ይጎዳል። ማጠብ፣ ሰም በእጅ መቀባት፣ የተፈቱ ቡሎኖችን በየጣሳው መለየትና በየደረጃው ፎቶ ማንሳት ግን የእነሱ ናቸው። በተለይ ፎቶው ከወራት በኋላ «ይህ ሽቦ የት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል። አንድ ደብተር መድቡ፤ የወጣው ገንዘብም የተቀየረው ዕቃም ቀኑ ተጽፎ ይቀመጥ።

የመጀመሪያው ቀን

ጀልባዋ ውሃ ስትገባ ልጆቹ ዳር ይቆዩ። ሁለት አዋቂዎች፣ ሁለት የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ መቅዘፊያ፣ ውሃ መቅጃ ጣሳና የእሳት ማጥፊያ ይዘው ይግቡ፤ ሞተሩን የሚያጠፋው የደህንነት ገመድም የነጂው እጅ ላይ ይታሰር። መጀመሪያ ታስራ ለግማሽ ሰዓት ትቆይ፤ ወለሉ ተነሥቶ ውሃ እንደማታስገባ ይታይ። ከዚያ በዝግታ፣ ከዳርቻው ሳትርቅ ትሞከር። ጣና ላይ ከሆነ እምቦጭ ካለበት ራቁ፤ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ የውሃ መሳቢያውንም ይደፍናል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ማዕበል ስለሚያስነሳ ጠዋት ይመረጣል።

ሁለት ሦስት ሙከራ ያለ ችግር ካለፈ የልጆቹ ተራ ይደርሳል። የእያንዳንዳቸው ጃኬት በክብደታቸው ልክ የተገዛ ይሁን፤ የአዋቂ ጃኬት ከልጅ ትከሻ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ጀልባዋ አምስት ሰው የምትጭን ከሆነ ስድስተኛው እንግዳ፣ አጎትም ቢሆን፣ ዳር ላይ ተራውን ይጠብቅ።