ወገቡን የታመመ ሁሉ ከሥራ አይገለልም

በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ከጫካ የሚወጣው ቡና፣ የማገዶ እንጨቱና ከጣና የሚቀዳው የእንስራ ውኃ የሚያርፈው በጀርባ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ወገቡን የታመመ አምራች ሁሉ «ዲስኩ አልቋል» ተብሎ ከሥራ እንዲገለል ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚገኝ፣ የሸክምን ጫና የሚያበርድ ትራስ ነው። ዕድሜ በገፋ መጠን በውስጡ ያለው ውኃ እየቀነሰ ይሳሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የወጣ የጥናቶች ግምገማ እንዳስረዳው፣ የዲስክ ማርጀት ምንም የጀርባ ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች በ37 ከመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንት ደግሞ በ96 ከመቶው ላይ ታይቷል። ስለዚህ ያረጀ ዲስክ ሁሉ አያምም፤ ዲስኩ ሾልኮ ነርቭ ሲጫን ግን ሕመሙ ከወገብ ወደ እግር ይወርዳል።

አብዛኛው የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ተኝቶ መሰንበት ጡንቻን ያደክማል፤ መንቀሳቀስ ይጠቅማል። በመሆኑም የማኅበር መሪዎች በደቦም ሆነ በልማት ሥራ ድልድል ጊዜ የታመመውን ከሸክም አንስተው ቡና በመልቀምና በማስጣት ሊያሠማሩት፣ ከባዱን ሸክም ለሁለት እንዲከፈል ሊያደርጉ ይገባል።

እግሩ የዛለ፣ ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው ወይም በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው ሰው ግን ለነገ ሳይባል ሆስፒታል መድረስ አለበት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ያለበት ወይም ጀርባው መጉበጥ የጀመረ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ይህም በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የሚያደርስ ጀልባና አጃቢ ማዘጋጀት የመሪዎቹ ኃላፊነት ነው።