እሳቱ ከቆላ፣ ንዝረቱ እስከ ደጋ፦ ከደጎሎ ሆኖ ስምጥ ሸለቆን መከታተል

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአፋር ክልል ጋቢ ረሱ ዞን፣ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረ። መተሐራና አዋሽ ሰባት መጀመሪያ ላይ አልፎ አልፎ ነበር የሚሰማቸው። ታኅሣሥ ሲገባ ግን አንዱ ሳያባራ ሌላው ይከተል ጀመር። ታኅሣሥ 25 ቀን በዶፈን ተራራ አካባቢ መሬቱ ተከፍቶ እንፋሎት፣ አቧራና ድንጋይ ወደ ላይ ተወረወረ። ለታኅሣሥ 26 አጥቢያ ሌሊት በሬክተር መለኪያ 5.8 ገደማ የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ፤ የካቲት 7 ማታ ደግሞ 6.0 የሆነው ተከተለ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተኛ ሰው አልጋው ተወዛውዞ ነቃ። በአፋርና በኦሮሚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ፤ የከሰም ስኳር ፋብሪካም ጉዳት ደረሰበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ስምጥ ሸለቆውን ከሩቅ የሚያየው ደገኛም ይጨነቃል። የደቡብ ወሎዋ፣ የጃማ ወረዳዋ ደጎሎ ከፈንታሌ በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ቢሆንም ወሬ ርቀት አይገድበውም። አንድ የደጎሎ ነዋሪ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ እሳተ ገሞራው እኛ ዘንድ ይፈነዳል ወይ? መንቀጥቀጡስ ቢመጣ ቤቴ ይችለዋል ወይ? ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ጥያቄ ይነሣሉ፤ መልሳቸው ግን ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው አጥጋቢ መልስ አለ። ሥራ የሚጠይቀው ሁለተኛው ነው።

ደጋው የተሠራበት እሳት

ከደጎሎ ወጥቶ በወንጪት ወይም በጃማ ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የደጋውን ታሪክ በዓይኑ ያነባል። የገደሉ የላይኛው ክፍል በንብርብር ጥቁር ድንጋይ የተደረደረ ነው። እያንዳንዱ ንብርብር በአንድ ወቅት የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት ነበር። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ሆድ የወጣው ይህ ፈሳሽ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ግድም ውስጥ አብዛኛውን የኢትዮጵያን ሰሜናዊ ደጋ አለበሰው፤ ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በኋላም ትልልቅ የእሳተ ገሞራ ተራሮች በደጋው ላይ ተነሥተዋል። ከወረኢሉ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የጉጉፍቱ ተራራ ከነዚህ አንዱ ሲሆን ዕድሜው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይሆናል።

የጃማ ገበሬ ስንዴና ምስር የሚዘራበት መረሬ አፈርም የዚሁ ድንጋይ ልጅ ነው። ድንጋዩ በዝናብና በፀሐይ ብዛት ፈርሶ ጥቁር ጭቃ ሆነ።

ስለዚህ ደጋው እሳት አልነበረበትም ማለት አይቻልም። ሁለንተናው እሳት የወለደው ነው። ይሁንና ያ እሳት በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ዘመን አልፎበታል። ሕያው እሳተ ገሞራዎቹ ዛሬ የሚገኙት ከደጋው በታች፣ በስምጥ ሸለቆውና በአፋር ዝቅተኛ ምድር ነው። ፈንታሌ፣ ዶፈን፣ ኤርታሌ፣ ዳባሁ፣ ሐይሊ ጉቢ ሁሉም በዚያ መስመር ላይ ናቸው። ደጎሎ ላይ ቅልጥ ዓለት ይፈነዳል ብሎ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም።

ከታች ምን እየሆነ ነው?

የአፍሪካ ምድር በስምጥ ሸለቆው በኩል ለሁለት እየተከፈለ ነው። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሁለቱ ወገኖች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ነገር ግን መሬቱ ይህን በየቀኑ በእኩል አይከፍልም። ለአስርና ለመቶ ዓመታት ያጠራቅምና በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያወራርደዋል። ቅልጥ ዓለት ከታች ተገፍቶ በስንጥቁ ውስጥ ይገባና እንጨት እንደሚፈልጥ ሽብልቅ ግራና ቀኙን ያራርቃል። ዓለቱ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ድምፅና ንዝረት ነው በተከታታይ መንቀጥቀጥ ሆኖ ወደ ላይ የሚደርሰው።

የዚህ ሁነኛ ምሳሌ ዳባሁ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በሰሜን አፋር 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ላይ ቅልጥ ዓለት ከምድር በታች ገባ፤ መሬቱም በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት የሚጠራቀመው መራራቅ በጥቂት ሳምንታት ተጠናቀቀ። ወደ ላይ የወጣው ግን ጥቂት አመድና ድንጋይ ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ቅልጥ ዓለት ከታች ቀርቶ ረጋ።

በ2017ቱ የፈንታሌ ክስተትም የሳተላይት መረጃ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ቅልጥ ዓለቱ ከፈንታሌ ወደ ዶፈን አቅጣጫ ከመሬት በታች ተጓዘ። ዶፈን ላይ የታየው እንፋሎትም የቅልጥ ዓለት ፍንዳታ አልነበረም። ከታች የጋለ ውኃ በግፊት መውጫ ሲያገኝ ጭቃና ድንጋይ ይዞ ይወጣል። በተንቀሳቃሽ ምስል ሲታይ ያስደነግጣል፤ ሰው ከአጠገቡ መራቁም ተገቢ ነው። ግን «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ተብሎ በየስልኩ የተሰራጨው ወሬ ከእውነቱ የራቀ ነበር። ፈንታሌ ራሱ ላቫ ካፈሰሰ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል።

ደጋው የሚያውቀው መንቀጥቀጥ

እሳቱ ከታች ይሁን እንጂ ንዝረቱ ደጋውን አይምረውም። ለዚህ ታሪክ በቂ ምስክር አለው።

በግንቦት መጨረሻ 1953 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ካራቆሬ ተናወጠች። ካራቆሬ ከደጎሎ በስተ ምሥራቅ፣ በቀጥታ መስመር መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ናት። ትልቁ መንቀጥቀጥ ከ6 በላይ ነበር። መጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ ዋናው መንገድ በናዳና በስንጥቅ ተጎዳ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋር ሰርዶ የተባለችው መንደር ፈራረሰች፤ ሰዎችም ሞቱ። ወደ ኋላ ከተሄደ ደግሞ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር በ1835 ዓ.ም. ክፉኛ ተመታለች። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከስምጥ ሸለቆው ሐይቆች አካባቢ የተነሣው ከባድ መንቀጥቀጥ በምኒልክ አዲስ አበባም ተሰምቷል።

ይህን ታሪክ በአንድ መጽሐፍ የሰበሰቡት አባ ፒዬር ጉዋን ናቸው። እኒህ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ1950ዎቹ መባቻ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ጥናት ጣቢያውን አቋቋሙ። ጣቢያው ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና የሥነ ፈለክ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ፈንታሌ ሲናወጥ ለሕዝቡ በራዲዮና በቴሌቪዥን ሲያብራሩ የነበሩት ፕሮፌሰር አታላይ አየለ የዚህ ተቋም ባለሙያ ናቸው።

ባለሙያው እንዴት ይከታተላል?

ሦስት ዓይነት መሣሪያ አለ። የመጀመሪያው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ሲሆን ከአዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ተራራ ላይ ያለው ጣቢያ ከነዚህ አንዱ ነው። ሁለተኛው መሬቱ ላይ የተተከለ ጂፒኤስ ነው፤ የሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ ይለካል። ሦስተኛው እንደ አውሮፓው ሴንቲኔል 1 ያለ ሳተላይት ነው፤ አንድን ቦታ በየጊዜው እየደጋገመ በራዳር ያነሣና መሬቱ ያበጠ ወይም የሰመጠ መሆኑን ያነጻጽራል።

ከመዝገቡ ላይ አንድ ነገር ማንም ሊረዳው ይችላል። መንቀጥቀጥ ሁለት ማዕበል ይልካል። ፈጣኑ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አጭር ግፊት ይመስላል። ቀጣዩ በሰከንድ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ይደርሳል፤ ቤት የሚያወዛውዘው እሱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰከንድ በ8 ሲባዛ የርቀቱን ግምት በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ደጎሎ ላይ መጀመሪያ ቀላል ግፊት ተሰምቶ ከ20 ሰከንድ በላይ ቆይቶ መወዛወዝ ቢመጣ፣ ምንጩ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል ማለት ነው። ልዩነቱ አራትና አምስት ሰከንድ ብቻ ከሆነ ግን ምንጩ ቅርብ ነው።

መጠኑንም በወጉ ማንበብ ይገባል። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር የሚወጣው ኃይል 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። በ5.8 እና በ6.0 መካከል ያለው የ0.2 ልዩነት እንኳ ኃይሉን እጥፍ ያደርገዋል።

ባለሙያው የማይችለው ግን አለ፤ ቀንና ሰዓት መናገር። በዓለም ላይ መንቀጥቀጥን በቀንና በሰዓት የሚተነብይ ሳይንስ የለም። ስለዚህ «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ከባድ መንቀጥቀጥ ይመጣል» የሚል መልእክት የማንም ስም ቢለጠፍበት ሐሰት ነው።

ስንጥቅን ለይቶ ማወቅ

በስጋት ጊዜ ሰው መሬት እያየ ይሄዳል፤ ስንጥቅም አያጣም። ጃማ ላይ በበጋ መረሬው ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጥራል። ይህ በየአቅጣጫው እየተገናኘ መሬቱን በቁርጥራጭ መልክ ይከፋፍለዋል፤ ክረምት ሲገባም ይገጥማል። ከመንቀጥቀጥ ጋር አይገናኝም።

የናዳ ስንጥቅ ሌላ ነው። በገደል አፋፍ ወይም በተዳፋት ራስ ላይ እንደ ቅስት ጎብጦ ይታያል፤ የታችኛው ወገን ዝቅ ይላል፤ ዛፍና አጥር ይዘማል። ይህ ሲታይ ከሥሩ ያሉ ቤቶች ቶሎ መነሣት አለባቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰው የቀበረው ናዳ መንቀጥቀጥ አላስፈለገውም፤ ዝናብ ብቻውን በቂ ነበር። በእርጥብ ተዳፋት ላይ መንቀጥቀጥ ሲጨመር አደጋው የባሰ ይሆናል።

በፈንታሌ እንደታየው ያለው የስምጥ ስንጥቅ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይረዝማል፤ ማሳ፣ መንገድና ግድግዳ ሳይለይ ያቋርጣል፤ ባመዛኙም የስምጥ ሸለቆውን አቅጣጫ ይከተላል።

አመድ የነፋስ ተከታይ ነው

ከሩቅ እሳተ ገሞራ ወደ ደጋው ሊደርስ የሚችለው አመድ ነው፤ መንገዱንም ነፋስ ይወስናል። ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ናብሮ ሲፈነዳ አመዱ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ተጓዘ፤ በረራ ታወከ፤ አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተንም ጉብኝታቸውን አሳጥረው ተመለሱ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ሐይሊ ጉቢ ሲፈነዳ ደግሞ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመንና ኦማን፣ አልፎም እስከ ህንድ ሰማይ ደረሰ። በአካባቢው ያሉ አርብቶ አደሮች ግን የግጦሽ መሬታቸው በአመድ ተሸፈነ።

አመድ ቢዘንብ ውኃ መክደን፣ አፍና አፍንጫን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን፣ ከብት አመድ የለበሰ ሣር እንዳይግጥ መከልከል ይበቃል።

የሚገድለው ግድግዳ

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ቤቴ ይችለዋል ወይ?» የሚለው፣ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛው ሰው የሚሞተው ቤት ወድቆበት ነው። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ማገሩ በደንብ የታሰረ የደጋ ቤት ይወዛወዛል እንጂ ባንድ ጊዜ አይወርድም። አስጊው በጭቃ ብቻ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ሲናወጥ ሁለት ፊት ሆኖ ተላቅቆ ይወድቃል። ያለ ፌሮ የተደረደረ ብሎኬትም ከዚህ ብዙም አይሻልም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ድንጋይ ሲገነባ በየክንዱ ርቀት የግድግዳውን ሁለት ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ ወይም እንጨት ይግባበት። ማዕዘኖቹ እርስ በርስ ይነካከሱ። በብሎኬት የሚሠራ ቤት ከታች ግሬድ ቢም፣ ከላይ ቶፕ ታይ ቢም ይኑረው፤ ፌሮው በስታፋ ይታሰር፤ ኮንክሪቱም ውኃ እየጠጣ ይደርቅ። በር ከማዕዘን ራቅ ብሎ ይከፈት። ጣሪያው ከግድግዳው ጋር በሚስማር ብቻ ሳይሆን በሽቦ ይያያዝ። ይህን ለማድረግ የሚወጣው ወጪ ቤት ከወደቀ በኋላ ከሚከፈለው ጋር አይነጻጸርም።

መሬቱ ሲናወጥ በር አጠገብ ያለ ሰው በአንድ ሁለት እርምጃ ከድንጋይ ቤት መውጣት ከቻለ ወጥቶ ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ይራቅ። ካልቻለ ከጠንካራ ጠረጴዛ ወይም አልጋ ሥር ገብቶ ራሱን ይሸፍን። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ወደ ደረጃ አይሩጥ። ካባራ በኋላ እሳትና ኤሌክትሪክ ይጥፋ፤ የተሰነጠቀ ቤት ባለሙያ ሳያየው ማንም ተመልሶ አይተኛበት፤ ቀጣይ መንቀጥቀጥ የተዳከመውን ግድግዳ ይጥለዋልና።

የጃማ ወረዳም ሆነ ማንኛውም የደቡብ ወሎ አስተዳደር ለሚቀጥለው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ መንቀጥቀጥን ለመቋቋም የወጣውን የሕንፃ ኮድ አስገዳጅ ያድርግ። ቤት የሚሠራ አባወራም ግንበኛውን ከመዋዋሉ በፊት ስለ ቶፕ ታይ ቢሙ ይጠይቅ፤ ግድግዳው እየተነሣም ሄዶ በዓይኑ ይየው።