በከተማ መንደር ውስጥ ከብት ስለ ማርባት

በቆጂ በአርሲ ደጋ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረች ብርዳም ከተማ ናት። ሌሊት ውርጩ ሲበረታ ጥጃውንና በጉን ወደ ቤት ማስገባት ብርድን፥ ጅብንና ሌባን ከመፍራት የመጣ የቆየ ልማድ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ይህንንም አስቀድመን የምንናገረው በየቤቱ ስንዞር «ላማችሁን ሽጡ ልትሉን መጣችሁ?» የሚሉን እናቶች ስላሉ ነው። ኧረ አይደለም! ወተቷ ለልጅ ምግብ፥ ኩበቷ ማገዶ፥ ጥጃዋም ለክፉ ቀን ጥሪት ነው። የምንለምነው ላሚቱ ከሰው መኝታ እንድትለይ ብቻ ነው።

በባላገር አንዱ ግቢ ከሌላው ስለሚራራቅ ሽታውም ዝንቡም ለባለቤቱ ነው። ከተማ ሲገባ ግን የአንዱ በረት ከሌላው መኝታ ቤት ጀርባ ይሆናል። ስለዚህም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225፥ የቦታ ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጢስ፥ መጥፎ ሽታና ድምፅ ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል። በቁጥር 2071ም የእንስሳ ባለቤት፥ ከብቱ በድንገት አምልጦት እንኳ ቢሆን፥ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እንግዲህ በሬው የጎረቤት ጎመን በላ ማለት የሽማግሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በረት ከመሥራታችሁም በፊት ከተማው ያወጣው ደንብ እንዳለ ቀበሌ ጠይቁ፤ ከተሠራ በኋላ አፍርሱ መባል ያናድዳል።

እኛን ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ፍጉ ነው። ዝንብ እንቁላሏን በእርጥብ ፍግ ላይ ትጥላለች፤ በአንድ ቀን ያህል ትል ይፈለፈላል፤ ሙቀት ካገኘም በአሥር ቀን ገደማ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። «በበቆጂ ብርድ ዝንብ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ታዲያ በማለዳ የፍግ ክምር ሲገለጥ እንፋሎት ሲወጣው አይታችሁ የለም? ፍግ ሲብላላ ራሱን ያሞቃል። ውጭው ውርጭ ሆኖ ሳለ ትሉ ክምሩ ውስጥ ተመችቶት ያድጋል። ስለዚህ በየቀኑ ጠርጋችሁ ለኩበት የሚሆነውን ስስ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ለጥፉት፤ የቀረውን ጉድጓድ ከትታችሁ አፈር አልብሱት። ይህም ጉድጓድ ከምትጠጡት ውሃ 30 ሜትር ያህል የራቀ፥ በቁልቁለቱ በኩል ያለ ይሁን።

ከሁሉ የሚያስፈራን አራስ ባለችበት ቤት ከብት ማደሩ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ተሐዋስ በከብት እበት፥ በፈረስ ፋንድያና በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። የሕፃኑ እትብት በቆሸሸ ምላጭ ከተቆረጠ፥ ወይም እበትና አፈር ከነካው፥ በጥቂት ቀን ውስጥ ጡት መሳብ ያቅተዋል፤ ሰውነቱ ይገተራል፤ ሳይታከም የቀረውም አይተርፍም። እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት ክትባቱን ትከተብ፤ በጤና ጣቢያ ትውለድ። ሐኪም ካላዘዘ እትብቱን ምንም ነገር አትቀቡት፤ በረት የጠረገ እጅም በሳሙና ሳይታጠብ ሕፃን አይንካ።

ዶሮም ትንሽ ናት ተብላ አልጋ ሥር ታድራለች። ዳዴ የሚል ልጅ ግን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚወስደው፤ በኩሷም ተቅማጥ የሚያመጣ ተሐዋስ አለ። ቆጧ ውጭ ይሠራላት።

በረቱ ሲሠራ ጀርባውን ለነፋስ ይስጥ። ላም ጠግባ ካደረችና ነፋስ ካልመታት ብርዱን ትችለዋለች፤ የሚቸገረው ጥጃው ነውና ደረቅ የገብስ ጭድ ይነጠፍለት። ወለሉ ዘቅዘቅ ብሎ ሽንቱ በቦይ ይውረድ። ቦታ የጠበበው ሰው ቢያንስ እስከ ጣሪያ የሚደርስ ግድግዳ መካከል ያቁምና ለከብቱ የብቻው በር ያውጣለት። ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ከምንም ግን ይሻላል።

ወተት ሳይፈላ አይጠጣ፤ የሳንባ ነቀርሳ ከታመመች ላም በጥሬ ወተት ይተላለፋልና። እርጎ ለማድረግም አፍልታችሁ፥ አቀዝቅዛችሁ፥ ከዚያ እርሾውን ጨምሩበት።

ጉድጓድ መቆፈሪያ የሌላችሁ ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ አንድ በጋራ ቆፍሩ። ፍጉ ጥቂት ወራት ተብላልቶ ሲወጣ ለድንችና ለነጭ ሽንኩርት መደብ ጥሩ ማዳበሪያ ስለሚሆን እኩል ትካፈሉታላችሁ።